የሌላ ሰው ጸሎት ሳሎንሽ ሲቀመጥ

ልጄ፣ ከባንኮክ ያመጣሽውን ካርቶን ገና አልፈታሽውም አሉ። ደግ አደረግሽ። ውስጡ የቡድሃ ምስል እንዳለ፣ «ውበቱን ወድጄ ነው እንጂ ላመልከው አይደለም» እንዳልሽም ሰምቻለሁ። አምንሻለሁ። ነገር ግን አንቺ ያላመንሽበት ነገር ባለቤት የለውም ማለት አይደለም። ዛሬ ማለዳ ተነስቶ ፊቱ የተንበረከከ ስንትና ስንት ሰው አለ። እኔ ከእምነቱ ልጆች ጋር ረጅም ዘመን ኖሬአለሁ፤ የሚያስደስታቸውንም የሚያስከፋቸውንም አይቻለሁ። አንቺ ልብሽ ቅን ነው፣ እጅሽ ግን ይቸኩላል። ስለዚህ ሚስማር ከመምታትሽ በፊት ይህችን አንብቢ። ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የጻፍኩልሽ።

1. ቤትሽ ያስገባሽውን እወቂው። ቡድሃ ፈጣሪ አይደለም፤ ተከታዮቹም ፈጣሪ ነው አይሉትም። ሲዳርታ ጋውታማ የተባለ፣ ዛሬ ኔፓል ውስጥ ባለችው ሉምቢኒ እንደተወለደ የሚነገርለት፣ የመሳፍንት ኑሮውን ጥሎ የወጣ መምህር ነው። ጆሮው ተለጥጦ የረዘመው በልዑልነቱ ዘመን ያደርገው የነበረው ከባድ ጉትቻ ስለጎተተው ነው ይላሉ። ቀኝ እጁ በጉልበቱ ላይ ወርዶ ጣቶቹ መሬት ከነኩ፣ ሕንድ አገር ቦድ ጋያ በሚባል ስፍራ ዛፍ ሥር ተቀምጦ የነቃበትን ሌሊት ያሳያል፤ መሬትን ምስክር ሲጠራ ነው። መዳፉን ወደ ፊት ካቆመ ደግሞ «አትፍሩ» ማለቱ ነው። ያ ቦርጩን ገልጦ የሚስቀው ወፍራም ሰውዬ ግን እሱ አይደለም፤ ከሺህ ዓመት በፊት ገደማ የኖረ ቡዳይ የሚሉት የቻይና መነኩሴ ነው። የዝሆን ራስ ያለውማ ጭራሽ የሂንዱዎች ጋኔሽ ነው። ሻጭ ሁሉንም «ቡድሃ» ብሎ ይሸጥልሻል። እንግዳ «ማነው ይሄ?» ሲልሽ «እንጃ፣ ስላማረኝ ነው» ብለሽ ብትመልሺ የምታፍሪው አንቺው ነሽ።

2. ከፍ አድርገሽ አስቀምጪው። ወለል ላይ አይሁን፣ ጫማ መደርደሪያው አጠገብ አይሁን፣ ሶፋው ጎን እግርሽን የምትዘረጊበትም ቦታ አይሁን። ለታይላንድ ሰው ከሰውነት ሁሉ የከበረው ራስ፣ የተናቀው እግር ነው፤ እግርን ወደ ቡድሃ ምስል መዘርጋት ስድብ ነው። አዩታያ ከተማ በዋት ማሃታት ፍርስራሽ ውስጥ በዛፍ ሥር የተጠቀለለ የቡድሃ ራስ አለ፤ ጎብኚው ሁሉ አጠገቡ ፎቶ ሲነሳ ቁጢጥ እንዲል ይነገረዋል፣ ራሱ ከቡድሃው ራስ ከፍ እንዳይል። ያንቺ ኮንዶሚኒየም ጠባብ መሆኑን አውቃለሁ። ቢሆንም የቡፌው አናት አለልሽ። እዚያ የተቆለለውን የሻይ ብርጭቆ፣ የመድኃኒት ካርቶንና የቆየ የቀን መቁጠሪያ አንሺና ለብቻው አስቀምጪው፤ የተቀመጠ ሰው ቀና ብሎ የሚያየው ይሁን። ቁልፍና የሞባይል ቻርጀር መጣያ አታድርጊው። ከሁሉ የከፋው አጉል ቦታ ማስቀመጥ አይመስልሽ፤ ከዕቃ መካከል ዕቃ አድርጎ መርሳት ነው።

3. መታጠቢያ ቤት አታስገቢው። ስፓው ሁሉ ከገንዳ አጠገብ ስላቆመው ያ ቦታው መስሎሽ ይሆናል። አይደለም። ከሽንት ቤት በር ትይዩም አይሁን።

4. መቀለጃ አታድርጊው። ባርኔጣ አትጫኚበት፣ ለገና መብራት አታንጠልጥዪበት፣ የልደት ቀን ፊኛ አትሰሪበት። በማይናማር፣ ያንጎን ከተማ፣ አንድ መጠጥ ቤት የጆሮ ማዳመጫ ያጠለቀ የቡድሃ ሥዕል ለማስታወቂያ ፌስቡክ ላይ ለጠፈ፤ በ2015 ሦስት ሰዎች ሁለት ዓመት ተኩል እስራት ተፈረደባቸው። በ2012 ስሪላንካ ውስጥ የቡድሃን ሐውልት እየሳሙ ፎቶ የተነሱ ፈረንሳውያን ጎብኚዎች በገደብ የታገደ እስራት ተወስኖባቸዋል። በ2014 ደግሞ እዚያው አገር ክንዷ ላይ ቡድሃ የተነቀሰች እንግሊዛዊት ከአየር ማረፊያ ተይዛ ከአገር ተባረረች። እሷስ ምንም አላፌዘችም፤ በ2017 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት መብቷ ተጥሷል ብሎ ካሳ ፈርዶላታል። ይህን የምነግርሽ ላስፈራራሽ አይደለም፤ አዲስ አበባ ላይ ማንም አያስርሽም። ግን ሕግ እስኪያወጡለት ድረስ የሚያማቸው ነገር መሆኑን እወቂ። ሥራሽ ደግሞ ከእስያ ጋር ነው። ዛሬ ለሳቅ የለጠፍሽውን ፎቶ ነገ ጓንጁ ወይም ኮሎምቦ ያለው ደንበኛሽ ያየዋል።

5. ራስ ብቻውን አትግዢ። ይህን አጥብቄ እነግርሻለሁ፣ ምክንያቱም በየሱቁ የሚሸጠው እሱ ነው፦ አንገቱ ላይ የተቆረጠ፣ በብረት ዘንግ ላይ የቆመ የቡድሃ ራስ። ይህ መልክ ከየት መጣ ብለሽ ጠይቀሽ ታውቂያለሽ? ከገዳም ወርክሾፕ አልመጣም። አንድ ሙሉ የድንጋይ ሐውልት ከዋሻ አውጥቶ መሸከም ከባድ ነው፤ ራሱን በመጋዝና በመሮ መንቀል ግን ለሌባ ቀላል ነው። ቻይና ውስጥ የሎንግመን ዋሻዎች በሃያኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ እንዲህ ነው የተመነቀሩት፤ ዛሬ እዚያ ብትሄጂ አካሉ ተቀምጦ፣ ራሱ የነበረበት ቦታ ሸካራ ቁራጭ ሆኖ ታያለሽ። አዩታያም በ1767 በበርማ ጦር ከወደመች በኋላ ፍርስራሿን የጊዜ ብዛትና የዕቃ ሌባ ተባብረው ጨረሱት። እነዚያ ራሶች አውሮፓና አሜሪካ ሄደው ሙዚየም ውስጥ በዘንግ ላይ ቆሙ፤ ሰው አያቸው፣ ለመደ፣ እንዲህም ነው የሚያምረው አለ። ዛሬ በየሱቁ ያለው ከፕላስቲክና ከሲሚንቶ የተሠራው ማንንም አልቆረጠም፣ እሱ እውነት ነው። ግን ለቡድሂስት ዐይን የሚታየው አንገቱ የተቀላ መምህሩ ነው። ሙሉውን ግዢ፣ ትንሽም ቢሆን። አንድ ክንድ እንኳ የማትሞላ ሙሉ ምስል ከትልቁ ራስ ትበልጣለች።

6. «ጥንታዊ ነው» የሚልሽን ሽሺው። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል፤ በገበያ ግርግር የገዛሽው ጥንታዊ ዕቃ ሁለት ነው፤ ወይ ውሸት ነው፣ ወይ የተሰረቀ ነው። ታይላንድ ከ1961 ጀምሮ ጥንታዊ ዕቃዎችንና የጥበብ ሥራዎችን የሚጠብቅ ሕግ አላት፤ የቡድሃ ምስል ከአገር ለማውጣት ከጥበባት መምሪያቸው ፈቃድ ይጠየቃል። ካርቶኑ ውስጥ ደረሰኝ ካለ አትጣዪው፣ ፈቃድ ካለም ከፓስፖርትሽ ጋር አስቀምጪው።

የተሰረቀ ዕቃ መግዛት ወዴት እንደሚያደርስ አንድ ነገር ልንገርሽ። በ1995 ደቡብ ምሥራቅ ቻይና፣ ፉጂያን ክፍለ ሀገር፣ ከአንዲት ያንግቹን ከምትባል መንደር ቤተ መቅደስ አንድ በወርቅ የተለበጠ የተቀመጠ ምስል ተሰረቀ። ከሃያ ዓመት በኋላ፣ በ2015፣ ሃንጋሪ ውስጥ አንድ ሆላንዳዊ ሰብሳቢ ያዋሰው ምስል ለዕይታ ቀረበ፤ የመንደሩ ሰዎች ፎቶውን አይተው የእኛ ነው አሉ። በራጅ ሲታይ ውስጡ የሰው አካል አለ፤ ከሺህ ዓመት በፊት ገደማ የኖረ መነኩሴ ተቀምጦ እንደደረቀ። ለእነሱ ዕቃ አልነበረም፣ እንደ አያት የሚያከብሩት አባት ነበር። ሰብሳቢው የኔ ሌላ ነው ብሎ ተከራከረ። የሆላንዱ ፍርድ ቤት ክሳቸውን ሳይቀበል ቀረ፤ የቻይናው ፍርድ ቤት በ2020 መጨረሻ ይመለስ ብሎ ፈረደ። በ2023 መጨረሻም የኒውዮርኩ ሜትሮፖሊታን ሙዚየም 14 ቅርጾችን ለካምቦዲያ፣ 2 ለታይላንድ እመልሳለሁ ብሏል። እንደዚያ ያለ ሙዚየም ከተሳሳተ፣ አንቺ በአንድ ከሰዓት ገበያ አሮጌውን ከአዲሱ፣ የተሰረቀውን ካልተሰረቀው ለይቼ አውቃለሁ እንዳትዪኝ።

አዲስ የተሠራ ምን ነውር አለበት? ካትማንዱ አጠገብ ፓታን ከተማ ዛሬም ምስሉን መጀመሪያ በሰም ይሠሩታል፣ በጭቃ ይለብጡታል፣ ሰሙን በእሳት አቅልጠው ያወጡና መዳብ ያፈስሱበታል። የሠራው ሰው በሕይወት አለ፣ ዋጋውን ተቀብሎ ልጁን ያስተምራል። እኔ ብሆን ከእሱ ነው የምገዛው።

7. ይህን ነገር ከማንም በላይ መረዳት ያለብን እኛ ነን። በ1868 የእንግሊዝ ጦር ከመቅደላ ይዞ ከሄደው መካከል ታቦታት ይገኛሉ። 11 ታቦት ብሪቲሽ ሙዚየም ውስጥ አለ፤ ለሕዝብ አይታይም፣ ያለ ቄስ ማንም እንዲያየው አይፈቀድም። ለምን አይመለስም የሚለው ሌላ ክርክር ነው፤ ግን ወስደውም እንኳ መስታወት ውስጥ አላሰጡትም፣ ያችን ያህል ገብቷቸዋል። በ2002 ደግሞ ኤድንበራ ከሚገኝ ቤተ ክርስቲያን የተገኘው አንድ ታቦት በክብር ሲመለስ አዲስ አበባ እንዴት እንደተቀበለው ታላላቆችሽን ጠይቂ። የፈረንጅ ሳሎን ግድግዳ ላይ ከወይን ጠርሙስ በላይ የተሰቀለ የመጾር መስቀል ፎቶ አይተሽ ሆድሽ አልተላወሰም? በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት እንዳይሆንብሽ፣ ያንን ስሜት ቡድሃውን ባየሽ ቁጥር አስታውሺ።

8. ከሥዕለ አድኅኖ ጎን አታድርጊው። አንዳንዱ «ሁሉንም አከብራለሁ» ለማለት እመቤታችንን፣ ቡድሃውንና የሞተ አያቱን ፎቶ በአንድ መደርደሪያ ይደረድራል። የሁሉንም ክብር ያፈርሳል እንጂ አያከብርም። እንዲሁም መሠዊያ አታስመስዪው፦ ፊቱ ሻማ፣ ሰባት የውሃ ጽዋ፣ አበባና ፍራፍሬ ደርድረሽ ፎቶ አታንሺ። ያ የሚያምን ሰው በእውነት የሚያቀርበው ነው። ሳያምኑ መምሰል ከግዴለሽነት ይብሳል።

9. እናትሽ ስትመጣ አትከራከሪያት። «ጣዖት ቤቷ የምታስገባ ልጅ ወለድኩ» ብትል አትሳቂ፣ አትቆጪም፤ ያደገችበት ትምህርት ነው፣ ያስተማራትም ሰው ውሸታም አልነበረም። ምን እንደሆነና ለምን እንዳስቀመጥሽው አንድ ጊዜ በጨዋ ቃል ንገሪያት። ከዚያ ቡናው ሲፈላ ይህን አጫውቺያት፦ በ1553 በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ የደብረ ሊባኖሱ እጨጌ አባ ዕንባቆም «ባራላም ወይዋሴፍ» የተባለውን መጽሐፍ ከዐረብኛ ወደ ግዕዝ መለሱ። አባቱ ሕመምና ሞትን እንዳያይ በቤተ መንግሥት ዘግቶ ያሳደገው፣ ወጥቶ ግን በሽተኛና ሽማግሌ አይቶ ዓለምን የናቀ የንጉሥ ልጅ ታሪክ ነው። ሊቃውንት መንገዱን ወደ ኋላ ሲከተሉት ከዐረቡ ወደ ፋርስ፣ ከፋርስ ወደ ሕንድ ወሰዳቸው፤ መነሻው የቡድሃ ሕይወት ሆኖ ተገኘ። ገዳማችን ታሪኩን የንባብ መጽሐፍ አድርጎ የያዘለት ሰው፣ የኔ እናት፣ ሩቅ ዘመድ ነው እንጂ ባዳ አይደለም። ይህንን ሰምታም «አንሺልኝ» ካለች ግን አንሺው። እሷ እስክትሄድ መኝታ ቤት ቢቀመጥ ምንም አይጎድልሽም፣ እናት ቅር ብሏት ብትሄድ ግን ይጎድልሻል። ቤቱን ከአንድ ሙስሊም ጋር የምትጋሪ ከሆነም ካርቶኑን ከመፍታትሽ በፊት ጠይቂ፣ ከፈታሽው በኋላ አይደለም።

10. የሰው መልክ የሌለውም አለ። ብዙ ሰው አያውቀውም፤ በመጀመሪያዎቹ ብዙ መቶ ዓመታት ቡድሂስቶች መምህራቸውን በሰው መልክ አይቀርጹትም ነበር። ሕንድ ሳንቺ በሚባለው ስፍራ ያለውን ጥንታዊ የድንጋይ በር ብታዪ፣ ቡድሃ መኖር ባለበት ቦታ ባዶ ዙፋን፣ ዛፍ፣ መንኮራኩር ወይም የእግር ዱካ ተቀርጾ ታገኛለሽ። የሰው መልኩ የመጣው ወደ አንደኛው ክፍለ ዘመን ገደማ፣ ጋንዳራና ማቱራ በሚባሉ ስፍራዎች ነው። ስለዚህ ለቤተሰብሽ የሰው ምስል ከከበደ፣ መንኮራኩሩ ወይም ሎተስ አበባው ይበቃል። የእግር ዱካውን ግን በር ላይ ምንጣፍ አድርጎ የሚሸጥ አይቻለሁ፤ እሱን እንዳትነኪው።

11. ሆዱን አትክፈቺ። የቲቤት፣ የኔፓልና የኮሪያ ምስሎች ብዙ ጊዜ ውስጣቸው ባዶ አይደለም፤ የተጠቀለለ የጸሎት ጽሑፍ፣ እህል፣ ጨርቅ ተከትቶበት ሥሩ በቀጭን መዳብ ይታሸጋል። ስታነሺው ውስጡ ከተንኳኳ ወይም ሥሩ ላይ ክዳን ካየሽ ቢላዋ እንዳትፈልጊ። የተባረከ ነው ማለት ነው፣ ተከፍቶ ቡራኬው እንዲፈርስ አይፈልጉም። የማወቅ ጉጉትሽን በመጽሐፍ አብርጂው።

12. ከጭስ፣ ከፀሐይና ከሎሚ ጠብቂው። ታንካ የሚሉት በጨርቅ ላይ የተሳለ የቲቤት ሥዕል ካለሽ ከረከቦቱ በላይ አትስቀዪው። ጨርቁ ሙጫና ነጭ አፈር ተቀብቶ የተሳለበት ነው፣ ዙሪያው ሐር ነው፤ በየቀኑ የሚወጣው የእጣንና የቡና ጭስ ቀስ እያለ ቡናማ ያደርገዋል፣ ያን ማንም አያስለቅቀውም። በመስኮት ትይዩም አይሁን፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ደጋ ላይ ያለች ናት፣ ቀለም ትበላለች። ስትጠቀልዪው ልል አድርጊው፣ አትጠፊው፤ የታጠፈበት መስመር ቀለሙ ይረግፋል። ወርቅ ቅብ ምስልን ደግሞ ሠራተኛሽ እንደ ነሐስ ሰታቴ በሎሚና በአመድ እንዳትፈትገው አስቀድመሽ ንገሪያት። ወርቁ እንደ ቅጠል የሳሳ ነው፣ አንድ ቀን ይበቃዋል። ለስላሳ ደረቅ ብሩሽ፣ ከላይ ወደ ታች፣ ሌላ ምንም።

13. ደረቱ ላይ ያለ ምልክት እንዳያስደነግጥሽ። የቻይና ምስሎች ላይ ስዋስቲካ ይታያል። ከሂትለር በፊት በሺህ ዓመታት የሚቆጠር የበጎ ዕድል ምልክት ነው። አውሮፓ የኖረ እንግዳ ቢደነግጥ በሁለት ቃል አስረጂው፣ አትሸፍኚው።

14. ቡድሂስት እንግዳ ሲመጣሽ አስተማሪ አትሁኚ። የስሪላንካ ወይም የታይላንድ ሰው ቤትሽ ገብቶ ምስሉን ሲያይ ዝም ይል ይሆናል፤ ዝምታው ይሉኝታ ነው እንጂ ስምምነት እንዳይመስልሽ። አንቺው ቀድመሽ «አቀማመጡ ያስከፋል ወይ?» ብለሽ ጠይቂው። ባንኮክ አውራ ጎዳናዎች ላይ «ቡድሃ ለጌጥ አይደለም» የሚሉ ትልልቅ ሰሌዳዎች አሉ፣ አይተሻቸው ይሆናል። እነሱ ጌጥ መሆኑን ከነጭራሹ ይቃወማሉ፤ እኔ ያን ያህል አልሄድም። ካየሁት፣ አክብሮ ባስቀመጠ ሰው ላይ የተቆጣ ቡድሂስት እምብዛም ነው፤ ብዙዎቹ በባዕድ ቤት መምህራቸውን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል። እንግዳሽ እጁን አጋጥሞ እጅ ቢነሳ ስልክሽን አታውጪ፤ ዞር በዪና ሻይ አፍዪ።

15. ከሰለቸሽ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ አትጣዪው። ቢሰበርም እንኳ። ታይላንድ ውስጥ የተሰበረ ምስል ቤት አይቀመጥም፣ አይጣልምም፤ ዋት ወደሚሉት ቤተ መቅደሳቸው ወስደው ከዛፍ ሥር ያኖሩታል፣ ጊዜ የፈለገውን ያድርገው ብለው። አንቺ ዋት አጠገብሽ የለም። ስለዚህ በንጹሕ ነጠላ ቁራጭ ጠቅልዪው፣ ፊቱ ወደ ላይ ሆኖ ካርቶን ውስጥ አስገቢው፣ ከዚያ ከቡድሂስት ጓደኞችሽ ለሚፈልገው ስጪ። በሽያጭ አይደለም፣ በስጦታ። የገዛሽበትን ደረሰኝና ፈቃዱን አብረሽ አስይዢው፤ ካርቶኑ ላይም ከየት አገር እንደመጣና በየትኛው ዓመት እንደገዛሽው በእጅሽ ጻፊበት።